ጥይት ያልተተኮሰበት ቅጥር



ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ማለዳ ላይ፣ ከሌሊት ጥበቃ የወረደ ወጣት ወታደር በክበባችን በረንዳ ላይ ሻይ ይዞ ተቀምጦ አገኘሁት። ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። እንዴት እንዳደረ ብጠይቀው፣ «መቶ አለቃ፣ ምንም አልተፈጠረም» አለኝ። ጥቂት ዝም ብሎ ከቆየ በኋላም፣ «ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ማማ ላይ ቆምኩ። አንድ ቀን እንኳ ምንም አልተፈጠረም። ነገ ልጅ ወልጄ ‹አባዬ፣ ወታደር ሳለህ ምን ሠራህ?› ብሎ ቢጠይቀኝ ምን እመልስለታለሁ?» ሲል ጨመረበት።

በዚያን ሰዓት የሰጠሁት መልስ ከመማሪያ መጽሐፍ የተቀዳ ነበር። እርሱም በአክብሮት አዳምጦኝ፣ ሻዩን ጨርሶ ሊተኛ ሄደ። እንዳልረካ ገብቶኛል፤ እውነቱን ለመናገር እኔም አልረካሁም። የተሻለውን መልስ ያገኘሁት ባላሰብኩት ጊዜና ባልጠበቅሁት ስፍራ ነው። ለአጭር ኮርስ ወደ አውሮፓ በተላክሁበት ወቅት የሁለት ቀን ዕረፍት ቢሰጠን፣ ያንን ዕረፍት ሉካ በምትባል ትንሽ የጣሊያን ከተማ አሳለፍሁት። በዛሬው ዓምዳችን አንባቢያንን በዚያች ከተማ ቀስ እያልን እንድንዘዋወር እጋብዛለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት የሉካ ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውሳለሁ።

ጣሊያን ሲባል በእኛ ሰው ልቡና ቀድሞ የሚመጣው ምን እንደሆነ አልዘነጋሁም። በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የሆነውን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በአገራችን ላይ የደረሰውን ከአያቶቻችን አንደበት ሰምተን ያደግን ነን። ነገር ግን ሕዝብንና ከተማን በራሱ ዓይን ማየት፣ የትናንቱንም ሳይረሱ የዛሬውን መመልከት ለወታደር አይከለከልም።

ሉካ የምትገኘው በቶስካና ክፍለ አገር፣ ሴርኪዮ በሚባለው ወንዝ አጠገብ ነው። ከፍሎረንስ በባቡር ተነሥቶ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ያህል የተጓዘ ሰው ሉካ ይደርሳል፤ ከፒዛ ከሆነ ደግሞ መንገዱ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። የባቡር ጣቢያው ከከተማይቱ ቅጥር ውጭ በደቡብ በኩል ነው። ከጣቢያው እንደወጡ ሰፊ የሣር ሜዳ ይታያል፤ ከሜዳው ማዶ ደግሞ ቀይ የጡብ ቅጥር፣ ከቅጥሩም አናት ላይ በረድፍ የቆሙ ትላልቅ ዛፎች።

ሜዳው ለተራ መንገደኛ ልጆች ኳስ የሚያንከባልሉበት መስክ ነው። ለወታደር ዓይን ግን ወዲያውኑ ሌላ ነገር ይናገራል። ጠላት የሚሸሸግበት ቤትም ሆነ ቁጥቋጦ እንዳይኖር ሆን ተብሎ የተመነጠረ የተኩስ ሜዳ ነው። ቅጥሩም እንደ ጥንቱ ቀጥ ብሎ የቆመ ቀጭን የድንጋይ ግንብ አይደለም። መድፍ ከመጣ ወዲህ ረጅምና ቀጭን ግንብ በጥቂት አረር እንደሚናድ ስለታወቀ፣ የሉካ መሐንዲሶች ከውጭ በጡብ የተለበጠ፣ ውስጡ ግን በብዙ አፈር የተሞላ ሰፊ ቅጥር ሠሩ። አረሩ ቢመታው አፈሩ ይውጠዋል እንጂ ግንቡ አይፈርስም። ከቅጥሩ ወደ ውጭ ወጣ ወጣ ብለው የተሠሩ 11 የመድፍ ምሽጎች አሉ። አንዱ ምሽግ የጎረቤቱን ጎን በተኩስ እንዲሸፍን ሆኖ ስለተቀመጠ፣ ወደ ቅጥሩ የሚጠጋ ጠላት ከሁለት ወገን ይመታል። ዛፎቹም መጀመሪያ የተተከሉት ለጥላ ብቻ አልነበረም። ሥራቸው አፈሩን አጥብቆ እንዲይዝ፣ ከተማይቱ በተከበበች ጊዜም ግንዳቸው ለማገዶና ለምሽግ ሥራ እንዲውል ታስቦ ነው።

ይህ ቅጥር ዙሪያው ከ4 ኪሎ ሜትር በጥቂቱ ይበልጣል፤ ቁመቱም 12 ሜትር ያህል ነው። ሥራው በ1500ዎቹ መጀመሪያ ተጀምሮ በ1600ዎቹ አጋማሽ እስኪፈጸም ድረስ ከ100 ዓመት በላይ ፈጅቷል። መሠረቱን የጣለው ሰው የልጅ ልጁ እንኳ ፍጻሜውን አላየም ማለት ነው። ሉካ በዚያን ዘመን በሐር ንግድ የበለጸገች፣ ንጉሥ የሌላት ትንሽ ሪፐብሊክ ነበረች። የምትፈራውም ጎረቤቷን ፍሎረንስን ነበር። ፍሎረንስ በ1509 ፒዛን ዳግመኛ ያዘች፤ በ1555 ደግሞ ሲዬና እጅ ሰጠች። የሉካ ሰዎች ይህን እያዩ ጡብ በጡብ ላይ ደረደሩ።

ታዲያ ጠላት መጣ? አልመጣም። ቅጥሩ ከተፈጸመ በኋላ አንድም ጊዜ ተከቦ አልተዋጋም። ወደ 150 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ዘቦች በምሽጎቹ ላይ ቆሙ፤ በሮቹ ማታ ተዘጉ፣ ጠዋት ተከፈቱ። ዘቦቹ ያርፉባቸው የነበሩ ትናንሽ ቤቶች ዛሬም በቅጥሩ አናት ላይ ይታያሉ። ከአንደኛው ቤት ደጃፍ ቆሜ ሳስብ፣ የሰፈራችን ወጣት ወታደር ድምፅ በጆሮዬ መጣ፤ «ምንም አልተፈጠረም።» ያ ቃል በዚህ ደጃፍ ላይ በሌላ ቋንቋ ስንት ሺህ ማለዳ ተነግሮ ይሆን?

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። በ1812 የሴርኪዮ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሁሉ አጥለቀለቀው። የከተማይቱ በሮች ተዘጉ፤ ክፍተታቸውም ተደፈነ። ለመድፍ የተሠራው ቅጥር የጎርፍ መከላከያ ሆኖ ሉካን አዳናት። በጊዜው ከተማይቱን ትገዛ የነበረችው የናፖሊዮን እህት ኤሊዛ ስትሆን፣ ከውጭ በመጣች ጊዜ በሮቹን መክፈት ስላልተቻለ በመሣሪያ ተነሥታ በቅጥሩ ላይ እንዲያልፉ ተደረገ እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራል። ወሬው ተጋንኖም ሊሆን ይችላል። ጎርፉ ግን እውነት ነው፤ ቅጥሩም መቆሙ እውነት ነው። መቶ ዓመት የደከሙት ሰዎች ይመጣል ያሉት አደጋ ሳይመጣ፣ ያላሰቡት አደጋ መጣና ድካማቸው ደረሰ።

ከዚያ በኋላ ከተማይቱን የገዛችው ማሪያ ሉዊዛ ዘ ቡርቦን የቅጥሩን አናት ሕዝብ የሚንሸራሸርበት ጎዳና አድርጋ አስዋበችው። ዛሬ መድፍ የለም። እናቶች የሕፃናት ጋሪ ይገፋሉ፤ ሽማግሌዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጫወታሉ፤ ልጆች ብስክሌት ይማራሉ። አንድ ጊዜ ዙሪያውን ለመዞር በሰላም እርምጃ አንድ ሰዓት ይበቃል። እኔ ግን ሳልቸኩል፣ በየምሽጉ እየቆምሁ፣ ሁለት ሰዓት ፈጀሁበት።

እስቲ አሁን ወደ ከተማይቱ ውስጥ እንግባ። በሉካ ውስጥ መንገድ መጥፋት አያሳስብም፤ በየትኛውም አቅጣጫ ቢሄዱ በመጨረሻ ከቅጥሩ ጋር ይገናኛሉ። መንገዶቹ ጠባብና ጥላማ ናቸው። በአንደኛው ጠባብ መንገድ ስሄድ ድንገት እንቁላል ቅርጽ ባለው አደባባይ ውስጥ ራሴን አገኘሁት። ሮማውያን ከዛሬ 1,900 ዓመት ገደማ በፊት ሕዝብ የጦር ጨዋታ የሚመለከትበት ክብ ትዕይንት ማሳያ እዚያ ሠርተው ነበር። ሮም ስትወድቅ ሕዝቡ ግንቡን ሙሉ በሙሉ አላፈረሰውም፤ ቅስቶቹን ግድግዳ አድርጎ ቤቱን በላዩ ሠራበት። መሐሉም ከጊዜ በኋላ በቤቶች ተሞላ። በ1830 ሎሬንዞ ኖቶሊኒ የተባለ የሥነ ሕንፃ ባለሙያ የመሐሉን ቤቶች አስነሥቶ ገበያ እንዲሆን አደረገው፤ የጥንቱ ቅርጽም ተመልሶ ታየ። ሰው የሚሞትበት የነበረው ሜዳ ጎመንና ቲማቲም የሚሸጥበት ሆነ ማለት ነው።

ከዚያ ጥቂት እንደተራመዱ የጉዊኒጂ ቤተሰብ ግንብ ይገኛል። ወደ 45 ሜትር የሚጠጋ ቁመት አለው። ከ200 በላይ ደረጃ ወጥቼ አናቱ ላይ ስደርስ ያየሁት ነገር አስገረመኝ፤ በግንቡ ጣራ ላይ አፈር ተደልድሎ ትላልቅ የባሉጥ ዛፎች በቅለዋል። ከዛፎቹ ጥላ ሥር ሆኖ ከተማይቱን ቁልቁል ሲመለከቱ ቀይ የሸክላ ጣራ፣ የደወል ግንቦች፣ ከእነርሱም ዙሪያ እንደ አረንጓዴ መቀነት የታጠቀችው ያ ቅጥር ይታያሉ።

እነሆ አሁን የቤተሰብ ማዕዘናችን ተከታታዮች የሆናችሁ እናቶችና እህቶች ትከተሉኝ ዘንድ እለምናለሁ። በቅዱስ ማርቲን ካቴድራል ውስጥ ከእብነ በረድ የተቀረጸ የአንዲት ወጣት ሴት ምስል አለ። ስሟ ኢላሪያ ዴል ካሬቶ ይባላል። በ1400 እና በ1430 መካከል ሉካን በብቸኝነት የገዛው የፓኦሎ ጉዊኒጂ ባለቤት ነበረች። በ1405 ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ ሞተች። ያኮፖ ዴላ ኩዌርቻ የተባለው ቀራጺ ዓይኗን ጨፍና እንደተኛች አድርጎ ቀረጻት፤ ከእግሯ ሥር ደግሞ አንድ ትንሽ ውሻ ወደ እርሷ ቀና ብሎ ይመለከታል፤ የታማኝነት ምልክት ነው ይላሉ። ባሏ ያንን ረጅም ግንብ ከገነባው ቤተሰብ የተወለደ ባለሥልጣን ነበር። ነገር ግን ግንብም ሆነ ገንዘብ ወይም ዘብ ያችን ወጣት እናት ከምጥ አላዳናትም። ዛሬ በጦር ሰፈራችን ክሊኒክ በነፍሰ ጡሮች ቀን ሰልፍ ረዘመ ብላችሁ የምትመለሱ እህቶች ካላችሁ፣ ይህችን ሴት አስቧት። አንዳንዱን ጠላት የሚመክተው ቅጥር ሳይሆን የአዋላጅ ነርስ እጅ ነው።

በሳን ፍሬዲያኖ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሌላ ሴት ትታሰባለች። ዚታ ትባላለች። በ12 ዓመቷ ለአንድ ባለጸጋ ቤተሰብ በቤት ሠራተኝነት ተቀጥራ፣ በ1272 እስከሞተችበት ቀን ድረስ በዚያው ቤት አገለገለች። ለድሆች እንጀራዋን ታካፍል ነበር ይባላል። ሉካ ብዙ ባለጸጎችና ሹማምንት ነበሯት፤ የብዙዎቹን ስም ዛሬ የሚጠራ የለም። የቤት ሠራተኛይቱን ግን ሕዝቡ በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ አበባ ይዞ ያስታውሳታል። በየቤታችን ልጆቻችንን የሚያሳድጉልን፣ እንጀራ የሚጋግሩልን እህቶች እንዳሉ ለምናውቅ ሁሉ ይህ የሚነግረን ነገር አለ።

ቀትር ላይ ራበኝና ከአንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ገባሁ። የቀረበልኝ ሾርባ ከባቄላ ዘርና ከአንድ እህል የተሠራ ነበር። እህሉን በማንኪያ አንሥቼ ብመለከተው ዓይኔን አላመንሁም፤ በእኛ አገር አጃ የምንለው፣ የስንዴ ዘመድ የሆነው ጥንታዊ እህል ነው! ከሉካ በላይ ባሉት ተራሮች ገበሬዎች እስከ ዛሬ ይዘሩታል። እናቶቻችን ለአራስ በገንፎ የሚያቀርቡትን እነርሱ በሾርባ ይበሉታል። ከምግብ በኋላ ዘቢብና አኒስ የሚገባበትን የከተማይቱን ጣፋጭ ዳቦ ቀመስሁ። ቡቼላቶ ይሉታል፤ እርሱን ያልበላ ሰው ሉካን አየሁ አይበል ይባላል።

ቋንቋውስ እንዴት ሆነ የሚል አንባቢ አይጠፋም። በዚህ በኩል የጥገና ክፍል ጓዶቻችን ከእኔ ይሻላሉ። ጎማ፣ ፍሬን፣ ካምቢዮ እያልን በየቀኑ የምንጠራቸው ቃላት ከዚያው የመጡ ናቸውና፣ መካኒኮቻችን ሉካ ቢሄዱ ምሳ ማዘዝ ባይሆንላቸው መኪና ማስጠገን አያቅታቸውም።

ማምሻውን ወደ ቅጥሩ ተመለስሁና አግዳሚ ወንበር ላይ ዐረፍሁ። ከአጠገቤ ብስክሌታቸውን ዛፍ ያስደገፉ አንድ አዛውንት ተቀምጠው ነበር። እርሳቸው በሚያውቋት ጥቂት እንግሊዝኛ፣ እኔም በመካኒኮቹ ጣሊያንኛ ተጋግዘን ጨዋታ ጀመርን። ብስክሌት መንዳት የተማሩት እዚሁ ቅጥር ላይ መሆኑን፣ አባታቸውም እዚሁ እንደተማሩ ነገሩኝ። ከየት እንደመጣሁ ሲጠይቁኝ ከኢትዮጵያ መሆኔን ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም አሉ። ቀጥለውም የአባታቸው ወንድም በወጣትነቱ ወደ እኛ አገር ተልኮ እንዳልተመለሰ፣ አያታቸው እስኪሞቱ ድረስ ፎቶግራፉን ከትራሳቸው ሥር አኑረው እንደነበር ገለጹልኝ።

«የእኛም ብዙዎች አልተመለሱም፤ እነርሱ ግን የሞቱት በገዛ ደጃቸው ነው» አልኋቸው። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ጠነከረ ይሆን ብዬ አሰብሁ። አዛውንቱ ግን ራሳቸውን ነቀነቁና በእጃቸው ቅጥሩን መታ መታ አድርገው፣ «ልጄ፣ ወታደር የሚያምረው እዚህ ሲቆም ነው» አሉኝ። ከዚያ ብስክሌታቸውን ይዘው፣ መልካም ምሽት ተመኝተውልኝ ሄዱ።

ያን አነጋገር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የራሱን ደጅ የሚጠብቅ ወታደርና በሰው ደጅ የሚላክ ወታደር አንድ ዓይነት ልብስ ቢለብሱም ሥራቸው አንድ አይደለም። አዛውንቱ በአንዲት ዓረፍተ ነገር የገለጹት ይህን ነው።

ይሁንና በዚህ ዓምድ ልምዳችን የነገሩን አንዱን ገጽ ብቻ ማሳየት አይደለምና፣ የቀረውንም ልንገራችሁ። በ1799 የፈረንሳይ ጦር ወደ ሉካ ሲመጣ ያ ሁሉ ቅጥር አልተዋጋም። ጦሩ ያለ ውጊያ ገባ፤ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረችው ሪፐብሊክም አበቃች። በሪፐብሊኳ ዓርማ ላይ «ነጻነት» የሚል ቃል በላቲን ተጽፎ ነበር። ነገር ግን በመጨረሻዎቹ ዘመናት መንግሥቱ በጥቂት ቤተሰቦች እጅ ገብቶ፣ ለሥልጣን የሚበቁት በመዝገብ የተጻፉት ብቻ ነበሩ። እንግዲህ ጡብ የጠላትን አረር ይመክታል፤ ሕዝብ ስለ ከተማው ሲል ቅጥሩ ላይ እንዲቆም የሚያደርገው ግን ጡቡ አይደለም። ቅጥር የሚጠብቀው ከውስጡ ያለው ሰው የእኔ ነው ያለውን ነው።

ጉዞዬን ፈጽሜ ወደ ሰፈራችን በተመለስሁ በሦስተኛው ቀን፣ የጥበቃ ተራ ልጎበኝ በምሽት ወጣሁ። ያ ወጣት ወታደር እዚያው ማማ ላይ ነበር። ሰላምታ ሰጥቶኝ፣ «ምንም የለም፣ መቶ አለቃ» አለኝ። ከአጠገቡ ቆሜ ስለ ሉካ ቅጥር፣ ስለ ዘቦቹ ቤት፣ ስለ ጎርፉና ስለ አዛውንቱ ነገርሁት። እርሱም ዓይኑን ከጨለማው ሳያነሣ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ።

ከማማው በስተጀርባ የቤተሰብ መኖሪያው መብራት አንድ በአንድ ይጠፋ ነበር። አንድ ሕፃን አለቀሰና ዝም አለ። አንዲት ሴት በሯን ዘግታ መቀርቀሪያውን ስትስብ ተሰማ። ወታደሩ ወደዚያ ዞር ብሎ ተመለከተና፣ «እነዚያስ ዘቦች ስማቸው ተጽፏል?» አለኝ።

«አልተጻፈም» አልሁት። «ልጆች ግን ቅጥሩ ላይ ብስክሌት ይማራሉ።»

ፈገግ አለ። ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረና ፊቱን ወደ ጨለማው መለሰ። እኔም ወደ ሚቀጥለው ማማ አመራሁ።

በየቤታችሁ ያላችሁ ልጆች ሆይ፣ አባታችሁ ወይም እናታችሁ ከሌሊት ጥበቃ ተመልሰው «ምንም አልተፈጠረም» ቢሏችሁ፣ ያ ወሬ ትንሽ አይምሰላችሁ። እናንተ ያን ሌሊት ተኝታችሁ አድራችኋል። ከወላጆቻችሁ ጋር በሰፈራችን አጥር ዙሪያ እየተራመዳችሁ ስንት እርምጃ እንደሆነ ቆጥራችሁ ብትልኩልን፣ ስንት ጊዜ ብንዞረው የሉካን ቅጥር አንድ ዙር እንደሚያህል በሚመጣው ሳምንት አብረን እናሰላለን።

እስከዚያው ሰላም እደሩ።